የእድር ድስትና የሩጫ ጫማ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የስፖርት ዕቃ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር)

 

ኮሚቴያችን የዓመቱን ሥራ እንዲያቀርብ ተጠይቋል። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ተበላሸ የሚለው በመዝገባችን ላይ አንድ በአንድ ተጽፏል። መዝገቡ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከቡናው በኋላ ማገላበጥ ትችላላችሁ። እኛ ዛሬ መናገር የፈለግነው መዝገቡ ላይ የማይገኘውን ነው። ሥራውን እንዴት እንደጀመርን፣ የት ላይ እንደተሳሳትን፣ ስህተታችንን ማን እንዳረመችልን እንነግራችኋለን። በመጨረሻም ከእናንተ የምንጠይቀው ነገር አለ።

ከደጃፋችን የሚያልፈው መንገድ

ሽሮ ሜዳ የምንኖር ሁላችን ይህን መንገድ እናውቀዋለን። ጎህ ሳይቀድ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ሁለት ዓይነት ሴቶች ይታያሉ። አንዷ ቱታዋን ለብሳ እየሮጠች ትወጣለች። ሌላዋ ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ለማገዶ ትወጣለች፤ ረፋዱ ላይም ከቁመቷ የሚረዝም እንጨት ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ ትወርዳለች። ከማኅበራችን አባላት መካከል ያንን እንጨት ለዓመታት የተሸከምን አለን። ጀርባችን ዛሬም ይነግረናል። ልጆቻችን ግን ዳገቱን ሲያዩ የሚታያቸው ሯጮቹ ናቸው። "እኔም እንደሷ" ይላሉ።

ይህ ምኞት ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በ1984 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትሩን ሩጫ ስታሸንፍ ከእኛ ብዙዎቻችን ገና ልጃገረዶች ነበርን። ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች መካከል የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ከዚያ እነ ፋጡማ ሮባ መጡ፤ እነ ጥሩነሽ ዲባባና መሠረት ደፋር ተከተሉ። "ሴት ልጅን ምን ያስሮጣታል?" የሚለውን ወሬ በእኛ ሰፈር ዋጋ ያሳጡት እነዚህ ሴቶች ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወጣትነቷ ለክለብ ትሮጥ የነበረች አንዲት የሰፈራችን ልጅ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሴት ልጆችን ሰብስባ ማሠልጠን ጀመረች። ደመወዝ የላትም። ልጆቹ የመጡት ባላቸው ነገር ነው። አንዷ በኮንጎ ጫማ፣ አንዷ በታላቅ ወንድሟ ሸራ፣ አንዷ በነጠላ ጫማ። የትምህርት ቤት ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ የምትሮጥም ነበረች። ኳስ ለመጫወት ሲያምራቸው ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው የሠሩትን ይጫወታሉ። አሠልጣኟ ወደ ማኅበራችን መጥታ ያለችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "እግራቸው እየቆሰለ ነው፤ ሁለቱ በዚሁ ምክንያት ቀርተዋል።"

አዲስ ጫማ ለመግዛት ገንዘብ አልነበረንም። አሁንም የለንም። ያኔ አንዲት አባላችን "እስቲ መጀመሪያ ከየአልጋችን ሥር እንይ" አለች። ሥራው የተጀመረው በዚህች ንግግር ነው።

ከአልጋ ሥር የተገኘው

ከአልጋ ሥር ምን እንደሚገኝ ብታዩ ትገረሙ ነበር። ወንድ ልጅ ያደገበት ታኬታ፣ ከአረብ አገር የመጣች እህት ጥላው የሄደችው ስኒከር፣ ነፋሱ የወጣ ኳስ፣ የገመድ መዝለያ፣ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ የጠረጴዛ ቴኒስ መምቻ። ከሁሉ የበዛው ግን የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ነው። ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ ኖሯል፤ የአዲስ አበባ ሰው ቲሸርቱን በየዓመቱ ገዝቶ አንድ ቀን ይሮጥበታል፤ ከዚያ ወይ የሌሊት ልብስ ወይ የወለል መወልወያ ይሆናል። ሳቃችሁ ሁላችሁም ቤት እንዳለ ያስታውቃል።

አንድ ነገር ግን ሳንደብቅ እንናገር። አሮጌ ዕቃ በእኛ ቤት ዋጋ የሌለው ነገር አይደለም። "ልዋጭ!" የሚለው ልጅ ሳፋና ጆግ ተሸክሞ በደጃፋችን ሲያልፍ አንድ ጥንድ ጫማ አንድ ጆግ ይሆናል። ቁራሌውም ቢሆን ይገዛናል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ሰው የጣለው ብረት ምጣድ ሆኖ፣ ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። አንድን ዕቃ ደጋግሞ መጠቀምን ማንም አላስተማረንም፤ እናቶቻችን የኖሩበት ነው። ስለዚህ አንዲት አባላችን የልጇን ጫማ ለማኅበሩ ስትሰጥ በርግጥ የሆነ ነገር ከቤቷ አጉድላ ነው። ለጋሾቻችን ይህን እንድታውቁልን እንፈልጋለን። ትልቅ ልግስና የሚመጣው ከሩቅ ብቻ አይደለም።

በዚያን ጊዜ ከባሎቻችንም ከጎረቤትም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳ ነበር። "አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፎ የለ? ጫማ ምን ያደርግላቸዋል?" ይሉናል። አበበ በሮም ማራቶን በባዶ እግሩ የሮጠው እውነት ነው። ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። በባዶ እግሩ መሮጥን በልምምድ ለምዶት ነበር፤ በጊዜው ያገኘው ጫማም እግሩን ስላልተስማማው እንደተወው ይነገራል። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ሲሮጥ ግን ጫማም ካልሲም አድርጎ ነው፤ ያኔም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል። እኛ ከዚህ የምንማረው ሌላ ነው። እግርን የማይስማማ ጫማ ካለመኖሩ ይብሳል። ይህን ነገር በራሳችን ላይ ደርሶ እስክናየው ድረስ ግን በደንብ አልገባንም ነበር።

የተሳሳትንበት

በመጀመሪያው ዓመት ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ልጆቹን ሰምተው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ላኩልን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ሻንጣው ሲከፈት አብዛኛው ቁጥር 43ና 44 የወንድ ታኬታ ሆኖ ተገኘ። ከሥር የበረዶ ጓንት ነበር። ከጓንቱ ሥር ደግሞ ከታቹ እንደ ቢላ የተሳለ ብረት ያለው ነጭ ጫማ ወጣ። ለካ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ነው! አንዲት እናታችን አገላብጣ አይታ "ይሄስ ለጎመን መክተፊያ ነው" ብላ ያን ቀን በሳቅ ገደለችን። ጥፋቱ የላኪዎቹ አይደለም። ምን እንደምንፈልግ አልነገርናቸውም፤ እነሱም አልጠየቁንም።

ከዚያ ውስጥ የሚሆነውን መረጥን፤ ከአባላት ያገኘነውንም ጨመርን። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ነው ዛሬም የሚቆጨን። ባነር አሠራን። ልጆቹን በሰልፍ አቆምን። ስማቸውን በድምፅ ማጉያ እየጠራን አንድ በአንድ ጫማ አስያዝናቸውና ፎቶ አነሳናቸው። ፎቶው በዚሁ መጽሔታችን ላይ ወጣ። ለጋሾችም ተላከ። እጃቸው ላይ ያለው ጫማ አሮጌ መሆኑ በግልጽ ይታይ ነበር። አንዳንዱም ልካቸው አልነበረም፤ ፎቶው እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው የያዙት።

በሁለተኛው ሳምንት ከልጆቹ ሁሉ በሩጫ የምትበልጠዋ ቀረች። በሦስተኛውም አልመጣችም። አሠልጣኟ ቤቷ ድረስ ሄዳ ጠየቀች፤ ልጅቷ "ትምህርት በዛብኝ" አለች። ነገሩን የነገረችን እናቷ ናት። እናቷ ከእኛው መካከል ናት፤ ይህን እንድንናገር ፈቅዳልናለች። በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ተነሥታ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ እንዲህ አለች፦

"ልጄ ጫማ ስላጣች ማንም አልሳቀባትም ነበር፤ ሁሉም አጥቷልና። ፎቶዋ ከወጣ በኋላ ግን በክፍሏ ውስጥ 'ባለ ምጽዋት ጫማ' የሚል ስም ወጣላት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል እሰማ ነበር፤ እናንተ ደግሞ የሰው አሮጌ አስይዛችሁ በአደባባይ አቆማችኋት።"

ቤቱ ጸጥ አለ። እኛ የኮሚቴው አባላት መልስ አልነበረንም። አንዳንዶቻችን በውስጣችን "እኛ እኮ ለደግ ብለን ነው" ብለን ተከፍተን ነበር። እውነቱን እንናገር ካልን ከልጅቷ ይልቅ ለራሳችን ያዘንንበት ቅጽበት ነበር።

የእድሩ ድስት

ዝምታውን የሰበሩት በማኅበራችን በዕድሜ ትልቋ እናታችን ናቸው። እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ "ቤታችሁ ለቅሶ ሲደርስባችሁ የምትቀቅሉበት ትልቁ ብረት ድስት የማን ነው?"

"የእድሩ ነው" አልን።

"አዲስ ነው?"

"አይ፣ ስንት ዓመቱ።"

"ጥቁር ነው፤ ጎኑም ጎብጧል። ስንት ሰው ቤት የዋለ ድስት ነው። በዚያ ድስት ስትቀቅሉ አፍራችሁ ታውቃላችሁ? እድሩ ድንኳኑን ሲተክልላችሁ ፎቶ አንሥቷችሁ ያውቃል?"

ከዚህ በላይ አላሉም። እኛም ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገንም። በእድሩ ድስት የማናፍረው ሁላችን ስለከፈልንበት ነው፤ ዛሬ አንቺ ቤት፣ ነገ እኔ ቤት ስለሚሄድ ነው፤ ስንወስደው ተመዝግቦ፣ ስንመልሰው ታጥቦና ተቆጥሮ ስለሆነ ነው። ሰጪና ተቀባይ የሚባል ነገር የለውም። ጫማው የልጅቷን አንገት ያስደፋት አሮጌ ስለሆነ አልነበረም። የሌላ ሰው ሆኖ ስለቀረ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራውን ከሥር መሠረቱ ለወጥነው። አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ማንኛውም የስፖርት ዕቃ አንዴ ከገባ የማኅበሩ ንብረት ነው። ከጫማው ምላስ ውስጥ፣ ከኳሱ ቀዳዳ አጠገብ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይጻፍበታል። ማን እንደሰጠው መዝገቡ ያውቃል፤ ለተዋሰችው ልጅ ግን አይነገራትም።

ሁለተኛ፣ ዕቃው በውሰት ይወጣል። የአባል ልጅ ሁሉ፣ ያለውም የሌለውም፣ መዋስ ይችላል። እኛም ራሳችን እንዋሳለን። እሑድ ጠዋት የምናደርገው የእግር ጉዞ ላይ የኮሚቴያችን ገንዘብ ያዥ የምታደርገው ጫማ ባለ ቁጥር ነው። ልጆቹ ይህን እንዲያዩ ሆን ብለን ነው ያደረግነው።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ቤት የአቅሙን ያዋጣል። ጫማ የሌላት ሳሙና ታመጣለች፤ ሳሙና ያነሳት አንድ ሰዓት አጥባ ትሄዳለች። ጫማዋን ለልዋጭ ሳትሰጥ ለማኅበሩ ላመጣች አባል ደግሞ የአዳራሽ ጽዳት ተራዋ ለአንድ ወር ይነሣላታል። ጆጉን አይተካም፤ ነገር ግን ማጉደሏን እንዳየን ያውቃታል።

አራተኛ፣ ልጅቷ ጫማዋን የምትወስደው ከእናቷ ወይም ከአሳዳጊዋ ጋር ሆና፣ በክፍሉ ውስጥ፣ ለብቻዋ ነው። ቢያንስ ሁለት ጥንድ ይቀርብላትና የወደደችውን ትመርጣለች። አንድ ብቻ ካለን ሌላ እስኪገባ እንድትጠብቅ ወይም እንድትወስደው የምትወስነው እሷ ናት።

አምስተኛ፣ ዕቃ ስትቀበል የትኛዋም ልጅ ፎቶ አትነሣም። መደርደሪያውን ፎቶ እናነሣለን፤ መዝገቡን እናሳያለን፤ ጥገናውን እናሳያለን። ልጆቹ ውድድር ሲሮጡ፣ እነሱም ወላጆቻቸውም ከፈቀዱ፣ ያኔ እናነሣለን። ያኔ የሚታየው ሩጫቸው ነውና።

እግር የሚለካው እንዴት ነው?

እነዚህን ነገሮች በሥራ ነው የተማርናቸው። ለየቤታችሁም ይጠቅማችኋል ብለን እናስባለንና ታገሡን።

የልጅን እግር የምንለካው ከሰዓት በኋላ፣ ቆማ ነው። እግር በቀኑ መጨረሻ ላይ ትንሽ ያብጣል፤ በጠዋት የተስማማ ጫማ ማታ ሊያጠብቅ ይችላል። ሁለቱንም እግር በካርቶን ላይ አስረግጠን በእርሳስ ዙሪያውን እናሰምራለን፤ የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣልና ትልቁን ነው የምንከተለው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ውፍረት የሚያህል ቦታ መቅረት አለበት። "ታድግበታለች" ብለን ሁለት ቁጥር የሚበልጥ አንሰጥም፤ እግሯ ውስጡ እየተንሸራተተ ይቆስላል፤ ቁርጭምጭሚቷም ሊወለም ይችላል።

ጫማው ራሱም ይመረመራል። የሩጫ ጫማ ከውጭ አዲስ መስሎ ከውስጥ ያለቀ ሊሆን ይችላል። በሶሉ ውስጥ ያለው ስፖንጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ የመንጠር አቅሙ ይደክማል። በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ሴት ከስድስት ወር ብዙ ባልበለጠ ጊዜ ትጨርሰዋለች ማለት ነው። ስለዚህ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ከኋላ እናየዋለን፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ለሩጫ አይሆንም። ስፖንጁን በአውራ ጣት እንጫነዋለን፤ እንደ እንጨት ከደረቀ ለሩጫ አይሆንም። ያ ማለት ግን ይጣላል ማለት አይደለም። የደከመው የሩጫ ጫማ ለእግር ጉዞ፣ ለገመድ ዝላይ፣ ለትምህርት ቤት ይውላል።

እጥበቱ ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ጫማ ያበላሸነው በእሱ ነው። ማሰሪያውንና የውስጥ ንጣፉን አውጥተን፣ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እናጥባለን። ከዚያ ውስጡን በጋዜጣ ሞልተን ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር እናሰጣዋለን። በመጀመሪያ ከከሰል ምድጃ አጠገብና ጠራራ ፀሐይ ላይ እናደርቅ ነበር፤ ማስቲሹ ለቆ ሶሉ እየተገነጠለ አስቸገረን። በደንብ ሳይደርቅ ደግሞ አይወጣም፤ የጣት መሐል ፈንገስ የሚወደው እርጥብ ጫማ ነው። ካልሲ ግን ውሰት የለውም፤ ሁሉም የራሷን ታደርጋለች።

የተገነጠለውን የሚሰፉልን በሰፈራችን ያሉ ጫማ ሰፊ ናቸው። ኳስም ይሰፋሉ። ነፋስ የሚሞላልን ጎሚስታው ነው። አንድ ነገር ከእሱ ተምረናል፤ የመንፊያውን መርፌ ሳያረጥቡ ወደ ኳስ ማስገባት ቀዳዳውን ይቀደዋል። ስንት ኳስ በዚህ ምክንያት ብቻ "ሞተ" ተብሎ ተጥሏል! ለትልልቆቹ የምንሰጠው ቁጥር 5 ኳስ ነው፤ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ለትንንሾቹ ግን ቁጥር 4 እንመርጣለን፤ ትልቁን ሲመቱ እግራቸውን ያማቸዋል።

የማንቀበለውም አለ። በአፍ ውስጥ የሚደረግ የጥርስ መከላከያ አንቀበልም። የሳይክል ሄልሜት ታሪኩን ካላወቅን አንቀበልም፤ አንድ ጊዜ ወድቆ የተጋጨ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨምቆ ስለሚቀር በሁለተኛው ጊዜ ጭንቅላትን አያድንም። ያገለገለ የውስጥ ልብስም አንቀበልም።

ስለዚህ ስለ መጨረሻው እዚህ ሴቶች ብቻ ባለንበት ብቻ ሳይሆን ለጋሾቻችን ባሉበትም እንናገራለን። ልጆቻችን ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ከሜዳ የሚቀሩት በጫማ ምክንያት ብቻ አይደለም። ለስፖርት የሚሆን ጡት መያዣ ስለሌላቸው ያፍራሉ። በወር አበባቸው ጊዜ ንጽሕና መጠበቂያ ስለሌላቸው ይቀራሉ፤ አንድ ሳምንት የቀረች ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ለመመለስ ትፈራለች። እነዚህን አሮጌ ዕቃ አይፈታቸውም። አዲስ መገዛት አለባቸው።

ያልተፈታልን

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ብለን አናታልላችሁም። ዕቃ ይጠፋል። ባለፈው ክረምት አንድ ቤት የተዋሱትን ጫማ ሸጡት። ስንሰማ ተናደድን፤ "ከእንግዲህ ለዚያ ቤት ምንም አይሰጥ" ያልንም ነበርን። በኋላ ግን ሁለታችን ሄደን ጠየቅን። በዚያ ወር የቤት ኪራይ አጥተው ነበር። እድር አባሉ ወርኃዊውን መክፈል ሲያቅተው መጀመሪያ "ምን ደረሰባችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። እኛም እንደዚያው ለማድረግ ወሰንን። እናትየው ለሦስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማ አጠበች፤ ልጇም በሌላ ጥንድ መሮጧን ቀጠለች። ትክክል ነበር ወይ? በኮሚቴያችን ውስጥ ዛሬም የማይስማሙ አሉ። ጉባኤው አስተያየት ቢሰጠን ደስ ይለናል።

ያቺ መጀመሪያ የቀረችው ልጅስ? አልተመለሰችም። ይቅርታ ጠይቀናታል፤ በትሕትና ተቀብላናለች፤ ሩጫውን ግን ትታዋለች። ይህን ማሳመር አንችልም። በፎቶ ያጣናት ሯጭ ናት። እናቷ ግን ዛሬ መዝገቡን የምትይዘው እሷ ናት፤ ጠረጴዛው አጠገብ የምታዩአት። ታናሽ እህቷም ባለፈው ዓመት ከእናቷ ጋር ወደ ክፍሉ መጥታ፣ ሦስት ጥንድ ለክታ፣ ቁጥር 36 የሆነውን ሰማያዊ መርጣ ወስዳለች።

የምንጠይቃችሁ

አባሎቻችን ሆይ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ከአልጋ ሥር እዩ። ልዋጩ ከመምጣቱ በፊት ልኩን እዩ። በጣም የሚያስፈልገን ከቁጥር 35 እስከ 39 ነው። ጥንዱን በማሰሪያው አንድ ላይ ቋጥሩት፤ ነጠላ ጫማ የሆነ ስንት ስኒከር እንዳለን ብታዩ ታዝናላችሁ። ልጃችሁ ሲያድግበትም አትዘግዩ። ጫማ በሳጥን ውስጥ ሲቀመጥም ያረጃል፤ ማስቲሹ ይደርቃል።

ለጋሾቻችንና በውጭ አገር ያላችሁ እህቶቻችን ሆይ፣ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን። የምንፈልገውን ዝርዝር በየሦስት ወሩ እንልክላችኋለን። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ ያ ቦታ ውድ ነውና በማይሆን ዕቃ አይሙላ። ለራሳችሁ ልጅ ለመስጠት የምታፍሩበትን ዕቃ አትላኩልን። ገንዘብ መስጠት የምትፈልጉ ለጡት መያዣ፣ ለካልሲ፣ ለንጽሕና መጠበቂያና ለጫማ ሰፊው ክፍያ ይዋል። የጥገና ገንዘብ ስጡን ስንል ብዙ ሰው አይማርከውም፤ ፎቶ የለውማ። ነገር ግን አሥር ጫማ ከመላክ አንዳንዴ የተላኩትን አሥር ማሰፋት ይበልጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በትሕትና እንጠይቃችኋለን። ጫማ የያዘች ልጅ ፎቶ እንድንልክላችሁ አትጠይቁን። ለማመን መዝገቡ ይበቃችኋል። ካልበቃችሁ ኑና እሑድ ጠዋት አብራችሁን ተራመዱ፤ ጫማ ካልያዛችሁ ባለ ቁጥር እናውሳችኋለን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኛ ጋ ሎሚው ጫማ ነው። የሚገባው በማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱን ለአንድ ሰው ማሸከም ቀላል ነበር። ሥራችን እሱን አንድ በአንድ፣ በልክ በልኩ፣ በየእግሩ ማድረስ ነው።

  መደርደሪያው ከአዳራሹ በስተጀርባ ባለው ክፍል ነው፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ግቡና እዩት።